«ችግር ፈቺ» ያልነበረው መስታወት

በዩኒቨርሲቲዎቻችን የምርምር ጥሪዎች ላይ የማይጠፋ ቃል አለ፦ «ችግር ፈቺ»። ገንዘብ የሚጠይቅ ተመራማሪ የሚፈታውን ችግር፣ ተጠቃሚውን፣ ውጤቱ የሚታይበትን ጊዜ አስቀድሞ መሙላት አለበት። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ግን ይህን ጽሑፍ ወደ ስልካችሁ ያደረሰው መስታወት በዚህ ፎርም ቢዳኝ ይወድቅ ነበር።

መስታወት ያልኩት ፋይበሩን ነው። ባሕር የሌላት አገራችን በጅቡቲና በኬንያ በኩል ከባሕር ሥር ኬብሎች ጋር የምትገናኘው እንደ ፀጉር በቀጠነ መስታወት ነው።

በ1934 (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው) ኮርኒንግ በተባለው የአሜሪካ መስታወት ኩባንያ ፍራንክሊን ሃይድ የሚባል ኬሚስት አሸዋ ማቅለጡን ተወና ሲሊኮን ቴትራክሎራይድ የተባለ ፈሳሽ አተነነ። ትነቱን ወደ ነበልባል ሲለቀው ጥላሸት የመሰለ፣ ግን ነጭ ብናኝ ወጣ። ብናኙ ተከምሮ ሲግል ጥርት ያለ መስታወት ሆነ። ምሥጢሩን አረቄ የምታወጣ ሴት ታውቀዋለች፤ የሚተነው ይሄዳል፣ አተላው ይቀራል። ፈሳሹ 58 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ አብሮት ያለው የብረት ቆሻሻ ግን 300 ዲግሪ ካላለፈ አይተንም።

ማን ይጠቀምበታል ቢባል፣ ያኔ «ስልክና ኢንተርኔት» ብሎ የሚመልስ አልነበረም። መሃል ላይ ለጠፈር መንኮራኩር መስኮት ውሏል።

በ1966 እንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው ቻርልስ ካኦ ብርሃን በመስታወት ውስጥ የሚጠፋው በተለይ በቆሻሻው ምክንያት ነው አለ። በጊዜው መስታወት ውስጥ ብርሃን 20 ሜትር ሲጓዝ ከመቶ አንድ እጅ ብቻ ይተርፍ ነበር። ይህ ቅሪት ከ1 ኪሎ ሜትር በኋላ ቢገኝ ለስልክ መስመር ይበቃል፣ ነበር ስሌቱ። በ1970 የኮርኒንጎቹ ማውረር፣ ኬክና ሹልዝ የሃይድን የትነት ዘዴ ይዘው ከዚያ የተሻለ ሠሩ። ከ36 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ዛሬ ያው አንድ እጅ የሚተርፈው ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ነው።

«እነሱ ሀብታም ናቸው፣ እኛ የምንበላው ቸግሮናል» የሚል አይጠፋም። 1934 አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ የነበረችበት ዓመት ነው። ኩባንያውም ለጽድቅ አልሠራም፤ ትርፍ ይፈልጋል። ትርፉ በየትኛው በር እንደሚገባ ግን ኬሚስቱን አስቀድሞ አላስማለም።

የስንዴ ዋግና የወባ ምርምር ይቁም የሚል የለም፤ እኔም አልልም። የምለው ከምርምር በጀቱ ከመቶ ብር አሥሩ ይለይ። ዳኞቹ የጥያቄውን ጥራትና የጠያቂውን ብቃት ይመዝኑ። «ተጠቃሚው ማነው?» የሚለው ሣጥንም ባዶውን መግባት ይፈቀድለት።