ድርጅቶቻችን ለምን ይሰነጠቃሉ? የፖለቲካ ሶሲዮሎጂ ለጀማሪ ተማሪዎች

ከላስ ቬጋስ፣ ኔቫዳ

በዚህ ከተማ ዩኒቨርሲቲ የገቡ ልጆቻችን «የፖለቲካ ሶሲዮሎጂ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» እያሉ ይጠይቁኛል። ሙያዬ ምሕንድስና ነው፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግን የማነበው ይህንኑ ስለሆነ፣ የገባኝን ላካፍላቸው።

የፖለቲካ ሶሲዮሎጂ የመጀመሪያ ጥያቄ «ማን ሥልጣን ያዘ?» ሳይሆን «ሕዝቡ ለምን ይታዘዛል?» የሚለው ነው። ጀርመናዊው ማክስ ቬበር እ.ኤ.አ. በ1919 ሙኒክ ላይ ባሰማው ንግግር ሦስት ምክንያቶችን አስቀምጧል፦ ልማድ፣ የመሪው ግርማ ሞገስ እና ሕግ። ወደ አገራችን እናምጣው። ንጉሠ ነገሥቱ ሥዩመ እግዚአብሔር ተብለው የሚታዘዙት በልማድ ነበር። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በቤንዚን ዋጋ፣ መምህራን በትምህርት ፖሊሲ ምክንያት ሥራ ሲያቆሙ፣ ወታደሩም ሲያምፅ፣ ልማዱ እንዳለቀለት ታወቀ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዙፋኑ ወደቀ። እምነት ካለቀ ጠመንጃ ብቻውን መንግሥት አያቆምም።

ሁለተኛው ጥያቄ የድርጅት ነው። ሮበርት ሚሼልስ እ.ኤ.አ. በ1911 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ለዴሞክራሲ የቆሙ ፓርቲዎች ሳይቀሩ ውለው አድረው በጥቂት ሰዎች እጅ እንደሚወድቁ አሳየ። ቅንጅትን እናስታውስ። በ1997ቱ ምርጫ ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን አሸነፈ። መሪዎቹ በ1998 ታሰሩ፤ ሐምሌ 1999 ሲፈቱ ብዙም ሳይቆይ እርስ በርስ ተለያዩ። በውጭ ያለው ደጋፊም አብሮ ተከፈለ። «ወያኔ አፈረሰው» የሚለው መልስ ግማሽ እውነት ነው። ማሰርና መከፋፈል የገዥው ሥራ ነበር። የውስጥ ጠብን የሚዳኝ፣ ሁሉም የሚቀበለው ደንብ አለመኖሩ ግን የራሳችን ጉድለት ነው። ሸክሙ ሁሉ በአንድ ምሰሶ ላይ ያረፈ ቤት፣ ምሰሶው ሲነቃነቅ ይፈርሳል።

«አበሻ መተባበር አያውቅም» የሚሉ አሉ። ዶናልድ ሌቪንም እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ አማራው ባሕል ሲጽፍ፣ ግለኝነቱ ለጋራ ሥራ እንቅፋት መሆኑን አንስቷል። ታዲያ ዕድርና ዕቁብን ምን እንበላቸው? ዕድር የተጻፈ ደንብ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ከቀብር የቀረ ይቀጣል። ሰብሳቢው ቢለወጥም ዕድሩ ይቀጥላል።

እዚሁ ላስ ቬጋስም ትምህርት አለ። ብዙ ወገኖቻችን አባል የሆኑበት የሆቴል ሠራተኞች ማኅበር፣ ኩሊነሪ 226፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ፍሮንቲየር ሆቴል ላይ የሥራ ማቆም አድማ መታ። 550 ሠራተኞች ከስድስት ዓመት በላይ፣ እስከ 1998 ድረስ፣ ሌት ተቀን ደጃፉ ላይ ተሰለፉ። ከመካከላቸው አንድም ሰው ሰልፉን ጥሶ ወደ ሥራ አልገባም። ያቆያቸው ቁጣ ብቻ አይደለም፤ ቁጣ ለስድስት ዓመት አይበቃም። የአድማ አበል፣ የሰልፍ ተራ፣ የተመረጠ አመራር ነበራቸው።

ስለዚህ፣ ልጆቼ፣ ለማንኛውም ድርጅት ገንዘባችሁን ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁ፦ ሒሳቡን ማን ይመረምራል? ሊቀ መንበሩ መቼ ይወርዳል? በድምፅ የተሸነፈው ወገን በቤቱ መቆየት ይችላል? መልስ ከሌለ፣ ያ ድርጅት ነገ ሥልጣን ቢይዝ አገሩንም እንዲሁ ይገዛል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን፤ ድሩን የሚያሳብረው ግን ደንብ ነው።

ኢትዮጵያ ለዘለዓለም ትኑር!