ግማሹ ሰሌዳ ሲጠፋ

(ከአንዲት የሁለተኛ ዓመት ሠልጣኝ)

በተቋማችን ውስጥ «ራሴን አሞኛል» እንደሚለው ቃል የረከሰ ምክንያት ያለ አይመስለኝም። የጠዋት ክፍለ ጊዜ የቀረ ይለዋል፣ የቤት ሥራውን ያልሠራ ይለዋል፣ እሑድ ማታ አምሽቶ የገባም ሰኞ ጠዋት ይለዋል። ስለዚህ አንድ ሠልጣኝ በእውነት ታሞ ከመምህሩ ፊት ሲቆም የሚናገረው ቃል አስቀድሞ በሌሎች አፍ ተበልቷል። መምህራኑን አልወቅስም፤ እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን መጠራጠሬ አይቀርም። ይሁን እንጂ በዚህ ሁሉ ራስ ምታት መካከል ማይግሬን የሚባል ለየት ያለ ሕመም አለ። የማስተማር ልምምድ የሚወጣበት ጊዜ እየተቃረበ ስለሆነ፣ ስለ እሱ ያለኝን አስተያየት በዚህ ግድግዳ ላይ ላቅርብ ብዬ ተነሣሁ።

ማይግሬን የሚለው ቃል የመጣው ከግሪክ ሲሆን ፍችው «ግማሽ ራስ» እንደ ማለት ነው። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወገን ይመታል፣ እንደ ልብ ምት ይወቅራል፣ ብርሃንና ድምፅ ያስጠላል፣ ያቅለሸልሻል። መድኃኒት ካልተወሰደ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። በዓለም ላይ ከ1 ቢሊዮን በላይ ሰዎች አለባቸው፤ ከ7 ሰው አንዱ ያህል መሆኑ ነው። ሴቶች ከወንዶች 2 ወይም 3 እጥፍ ይበዛሉ። እንግዲህ 40 ሠልጣኝ ባለበት ክፍል ውስጥ 5 ወይም 6 ሰው ቢገኝ አያስገርምም። የት አሉ ብትሉ፣ ዝም ብለው ተቀምጠዋል።

ከእነዚህ ሕሙማን መካከል ከ4ቱ አንዱ፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ፣ ራስ ምታቱ ከመጀመሩ በፊት እይታው ይረበሻል። ሐኪሞች ይህን «ኦራ» ይሉታል። («አውራ» ብሎ መጻፍም ይቻል ነበር፤ ከአውራ ዶሮ ጋር እንዳይምታታብን ትቼዋለሁ።) ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውየው እያነበበ ሳለ ከአንድ ቃል መካከል አንድ ፊደል ይጠፋበታል። ዓይኑን ያሻል፤ ፊደሉ አሁንም የለም። ወደሚቀጥለው ቃል ሲሄድ የዚያም ፊደል ይጠፋል። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ በጠፋው ቦታ ዳር ላይ የሚብለጨለጭ መስመር ይወጣል፤ ይኸውም ቀጥ ያለ ሳይሆን እንደ መጋዝ ጥርስ፣ ወይም እንደ ሐበሻ ቀሚስ ጥለት ወዲያና ወዲህ የሚሰበር ነው። መስመሩ እየሰፋና እንደ ማጭድ እየጎበጠ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል፤ ከኋላው የሚተወው ቦታ ባዶ ነው። የሰው ፊት ቢመለከት ግማሹ የለም። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያህል ቆይቶ መስመሩ በእይታው ዳርቻ ይወጣና ሁሉም እንደ ነበረ ይመለሳል። «እፎይ፣ ተገላገልኩ» ሲል ነው እንግዲህ ራስ ምታቱ የሚጀምረው። አንዳንዱ ሰው ከዚህ ጋር እጁና ከንፈሩ ይደነዝዛል፤ ሊናገር ያሰበው ቃል አልመጣ ይለዋል። ራስ ምታቱ ጭራሽ ሳይከተል ኦራው ብቻ መጥቶ የሚሄድባቸውም አሉ።

ብዙዎቻችን ይህ ሲደርስብን የምንሮጠው ወደ መነጽር ቤት ነው። መነጽር ግን አያድነውም፤ ምክንያቱም ነገሩ ያለው ዓይን ላይ ሳይሆን በአንጎል የኋለኛ ክፍል ነው። አንዱን ዓይን በእጅ ሸፍኖ ማየት፣ ቀጥሎም ሌላውን ሸፍኖ ማየት ነው፤ መስመሩ በሁለቱም ዓይን በየተራ ከታየ ከአንጎል የመጣ ነው ማለት ነው። ዓይን ተጨፍኖም ይታያል። በአንድ ዓይን ብቻ ከታየ ግን ሳይውል ሳያድር ለዓይን ሐኪም መታየት ያስፈልጋል።

ይህን ዕውቀት ያገኘነው ሕሙማኑ ራሳቸው ያዩትን ስለ ተናገሩ መሆኑ ለእኛ ለመምህራን ትልቅ ቁም ነገር ይመስለኛል። በ1870 እ.ኤ.አ. ሁበርት ኤሪ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም የራሱን ኦራ እየሰፋ ሲሄድ በሥዕል አስቀምጦ ለሮያል ሶሳይቲ አቀረበ። አባቱ ጆርጅ ኤሪ፣ የታወቀው የሥነ ፈለክ ሊቅ፣ ያው ነገር ነበረበት። በ1941 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስለ አንጎልና ስለ መማር ባደረገው ምርምር የሚታወቀው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ካርል ላሽሊ የራሱን ኦራ በወረቀት እየነደፈ በሰዓት ለካ። በአንጎል ላይ የሚጓዘው ነገር በደቂቃ 3 ሚሊሜትር ያህል እንደሚሄድም አሰላ። ልብ በሉ፤ ጉንዳን እንኳ ከዚህ ይፈጥናል! ከ3 ዓመት በኋላ በ1944 ብራዚላዊው አሪስቲደስ ሌያኦ በጥንቸል አንጎል ላይ ቀስ ብሎ የሚዛመት ሞገድ ማግኘቱን ጻፈ፤ ፍጥነቱም ላሽሊ በወረቀት ካሰላው ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኘ። ሞገዱ ሲደርስ የአንጎል ሴሎች ለጥቂት ጊዜ ይቀሰቀሳሉ፣ ካለፈ በኋላ ደግሞ ዝም ይላሉ። ሲቀሰቀሱ ብልጭታው ይታያል፤ ዝም ሲሉ ባዶው ቦታ ይቀራል።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ ልመለስ። ባለፈው ዓመት ለልምምድ በወጣሁበት ትምህርት ቤት ለ4ኛ ክፍል ክፍልፋይ እያስተማርሁ ሳለ ላዕሉ ይታየኛል፣ ታሕቱ ግን የለም። ጠመኔ ይዤ ቆምሁ። ልጆቹ በየቡድናቸው እንዲሠሩ አዘዝሁና ከጠረጴዛው ጥግ ተቀመጥሁ። የተመደበልኝ ገምጋሚ በቅጹ ላይ «ዝግጅት የጎደላት፣ በራሷ የማትተማመን» ብሎ ሞላ። በኋላ ስነግረው «ታዲያ ያን ጊዜውኑ ለምን አልተናገርሽም?» አለኝ። ከ50 ልጅ ፊት፣ ቃል እየጠፋ፣ ምን ተብሎ ይነገራል? አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው፤ ኦራው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል። እንግዲህ ስሌቱን ለሒሳብ ክፍል ልተውላቸው።

«ሁሉም ተነሥቶ ኦራ አለብኝ ቢልስ?» የሚል መምህር እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ማይግሬን በደም ምርመራም ሆነ በራጅ አይታወቅም። ታዲያ ሐኪሙስ በምን ያውቀዋል? በጆሮው ነዋ! የት ጀመረ፣ ወዴት ሄደ፣ ስንት ደቂቃ ቆየ፣ ራስ ምታቱ መቼ ተከተለ እያለ ይጠይቃል፤ በሽታውን የሚለየው በዋናነት በዚህ ነው፤ ሌላ ምርመራ የሚያዘው ሌላ በሽታ አለመሆኑን ለማረጋገጥ ነው። እኛም ይህንኑ ማድረግ እንችላለን። ወረቀትና እርሳስ ሰጥቶ «ያየሽውን ሣይው» ማለት ነው። ቀጥፎ የመጣ ሰው በአብዛኛው «ዓይኔ ጨለመ» ከማለት አያልፍም፤ በእውነት ያየ ግን መስመሩ በስንተኛው ደቂቃ የት እንደ ደረሰ ጭምር ይናገራል። አንድ ቀጣፊ ቢያልፍስ ምን ይጎድላል? አንድ ክፍለ ጊዜ። አንድ እውነተኛ ሕመምተኛ ቢወድቅ ግን አንድ መምህር ነው የሚጎድለው።

ነገሩ በሠልጣኞች ብቻ አያበቃም። ነገ የምናስተምራቸው ሕፃናትም ይህ ሕመም ይደርስባቸዋል፤ እነሱ ደግሞ የሚናገሩበት ቃል የላቸውም። ልጁ «ፊደሉ ይሮጣል» ወይም «ግማሽ ሰሌዳ የለም» ቢል ክፍሉ በሙሉ ይስቅበታል። በልጆች ላይ ሕመሙ አጠር ይላል፤ በሁለቱም ወገን ወይም በግንባር ይሆናል፤ አንዳንዱም የሚያመው ሆዱን ነው። ካስመለሰው በኋላ ትንሽ ተኝቶ ሲነሣ ወደ ኳሱ ሊሮጥ ይችላል። መምህሩም ይህን ያይና «አታሎኝ ነው» ይላል። እንቅልፍ የልጆችን ማይግሬን እንደሚያስለቅቅ የሚያውቅ መምህር ግን ይህን አይልም።

በየቤታችን ያለውን ልማድም ማንሣት ይገባል። እናቶቻችን «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ ጨምቀው አጠጥተውናል፣ ራሳችንን በሻሽ ጥፍር አድርገው አስረውናል፣ ከጨለማ ክፍል አስተኝተውናል። የጨለማውና የጸጥታው ነገር ትክክል ነው፤ ሐኪምም የሚለው ይህንኑ ነው። የሚያስፈራኝ «ቡዳ በላው» የሚለው ነው። የሚብለጨለጭ ነገር አየሁ ብሎ ምላሱ የተሳሰረን ልጅ በዚህ ስም መጥራት ከራስ ምታቱ የሚብስ ሕመም ማውረስ ነው። ጠበል መሄድ የእያንዳንዱ ሰው እምነት ነው፤ ከሐኪም ጋር የሚያጣላው ነገር አይታየኝም።

ስለ ቀስቃሾቹም ጥቂት ልበል። ቁርስ መዝለል፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ የወር አበባ፣ ብልጭ ድርግም የሚል የፍሎረሰንት መብራት፣ ኃይለኛ ሽታ። ፈተና ካለቀ በኋላ ሰው ሁሉ ሲደሰት ጭንቀቱ በመልቀቁ ብቻ ራሱን የሚያመውም አለ። ቡናም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በየቀኑ ቡና የለመደ ሰው ቢያቋርጥ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ራሱን ሊያመው ይችላል፤ በዐቢይ ጾምም ሆነ በረመዳን መጀመሪያ ቀናት የምናየው ራስ ምታት አንዱ ምክንያቱ ይኸው ነው። ጹሙ ወይም አትጹሙ ለማለት ሥልጣኑ የለኝም፤ ጾሙ ከመግባቱ አንድ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ቡናውን በጥቂት በጥቂቱ መቀነስ ግን ማንንም አይከለክልም።

በመኝታ ክፍላችን ያለው የማስታገሻ ብድርስ? አንዷ ስትጨርስ ከሌላዋ ትወስዳለች፤ ኪኒን እንደ ጨው ሆኗል። ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን ሕመሙ እንደ ጀመረ ቢወሰድ ይረዳል። ነገር ግን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት የሚወስድ ሰው ኪኒኑ ራሱ ራስ ምታት ያመጣበታል። ያን ያህል የሚያስፈልገው ሰው ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ ሕመሙ እንዳይመላለስ የሚያደርጉ እንደ ፕሮፕራኖሎልና አሚትሪፕቲሊን ያሉ የቆዩ መድኃኒቶች አሉ።

ለእህቶቼ ደግሞ በግልጽ የምናገረው አለኝ፤ ማንም በጊዜው አልነገረንምና። ኦራ ያለባት ሴት ኤስትሮጅን ያለበትን የእርግዝና መከላከያ እንክብል መውሰድ የለባትም። በአንጎል ውስጥ የደም ሥር የመዘጋት አደጋን ይጨምራል፤ ለወጣት ሴት ዕድሉ ትንሽ ቢሆንም የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በዕድሜ ሳይለይ ይከለክላል። በክንድ የሚቀበረውና በየ3 ወሩ የሚወጋው መርፌ ኤስትሮጅን የለባቸውም። ስለዚህ ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ሳትጠየቁ «ኦራ አለብኝ» በሉ። ደግሞም ራስ ምታት ሁሉ ማይግሬን አይደለም፤ በድንገት እንደ መብረቅ የመታ፣ ከትኩሳትና ከአንገት መገተር ጋር የመጣ (ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል)፣ አንድ ጎንን ያሰነፈ ወይም ኦራው ከ1 ሰዓት ያለፈ እንደ ሆነ ተኝቶ መጠበቅ የለም፣ ወዲያውኑ ሐኪም ቤት ነው።

ከተቋማችን የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በልምምድ መገምገሚያው ቅጽ ላይ «ትምህርቱ በሕመም ምክንያት ከተቋረጠ በ2 ሳምንት ውስጥ ሌላ ክፍለ ጊዜ ይመደባል» የሚል አንድ መስመር ይጨመር። መጋረጃ ያለው አንድ ትንሽ ክፍልና አንድ ፍራሽም ይፈለግልን፤ የተሰበሩ ወንበሮች የሞሉበት ክፍል አለን እኮ፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። ቅጹ በየዓመቱ እንደገና ይባዛል። የዘንድሮው ከመባዛቱ በፊት የልምምድ አስተባባሪዎቹ ቢነጋገሩበት ደስ ይለኛል፤ ተቃውሞ ያለውም በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍ፣ ቦታ አለ።