ትራውት የሚወደው ውሃ

ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ወላጆች ወደዚህ ዓምድ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ልጆቻችንን ዓሣ ለማጥመድ የት እንውሰዳቸው?» የሚል። መልሳችን ብዙ ጊዜ ባቱ ወይም ሐዋሳ ነበር። ለቅዳሜና እሁድ ሁለቱም ዛሬም ጥሩ ናቸው። በዚህ ወር ግን ራቅ ብለን፣ ከረጅም የእረፍት ቀናት ጋር የሚሄድ፣ ብርድም ትዕግሥትም የሚጠይቅ ማጥመድ እናንሣ። ቦታው ባሌ ነው፤ ዓሣው ትራውት፤ ማጥመጃው ደግሞ ከዶሮ ላባ የተሠራ የውሸት ዝንብ።

ለሰበታ ሰው ዓሣ እንግዳ ነገር አይደለም። የአገሪቱ የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል የሚገኘው እዚሁ ከተማ ነው። በኩሬዎቹ የሚራቡ የቆሮሶ ጫጩቶችም ወደ ልዩ ልዩ ግድቦችና የገበሬ ኩሬዎች ሲሠራጩ ኖረዋል። ቆሮሶ ግን ሙቀት ወዳድ ነው፤ ከ2,200 ሜትር በላይ በሆነው የሰበታ ቅዝቃዜ እንደ ስምጥ ሸለቆ ቶሎ አያድግም። ትራውት የዚህ ተቃራኒ ነው። የሚስማማው ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለ፣ የሚሮጥ፣ አየር የጠገበ ውሃ ነው። ሙቀቱ ከ20 ሲያልፍ ይጨነቃል፤ ወደ 25 ሲጠጋ ለሕይወቱ ያሰጋዋል። ውሃ ሲሞቅ በውስጡ የሚይዘው ኦክስጅን ስለሚቀንስ፣ ብዙ አየር የሚፈልገው ትራውት ከሌሎቹ ቀድሞ ይታፈናል።

የባሌ ትራውት አገር በቀል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ከኬንያ መጥቶ በተራራው ወንዞች የተለቀቀ ነው። ለኬንያም ቢሆን እንግዳ ነበር፤ እዚያ ያመጡት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የሰፈሩት እንግሊዛውያን ናቸው፤ የአገራቸው ማጥመድ ናፍቋቸው ይመስለኛል። ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጎኑ ላይ ሮዝ ጥለት ያለው፣ ትውልዱ ከሰሜን አሜሪካ የምዕራብ ዳርቻ የሆነው ባለቀስተ ደመና ትራውት ነው። ሁለተኛው ቀያይና ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት የአውሮፓው ቡናማ ትራውት ነው። ባሌ ውስጥ ስማቸው የሚነሣው ዌብ፣ ዳንካና ሻያ በሚባሉት ወንዞች ላይ ነው።

ስለ ትራውት የተጻፉ የውጭ መጻሕፍትን ያገላበጠ ሰው ስለ ኖራ ድንጋይ ምንጭ ብዙ ማንበቡ አይቀርም። ለእኛ የኖራ ድንጋይ ሲባል ትዝ የሚለን የሙገር ሲሚንቶ ነው። ለደቡብ እንግሊዝ አጥማጅ ግን የኖራ ድንጋይ የወንዝ እናት ናት። ዝናቡ በድንጋዩ ስንጥቅ ይሰርግና ለወራት ከመሬት በታች ቆይቶ፣ በጋ ከክረምት ብዙም የማይለዋወጥ ሙቀት ይዞ፣ ጥርት ብሎ በምንጭ ይወጣል። ከድንጋዩ የሚሟሟው ማዕድን የውሃ ውስጥ ተክሉን ያለመልማል፤ ተክሉ ነፍሳቱን ይመግባል፤ ነፍሳቱ ዓሣውን ያወፍራሉ።

የባሌ ላይኛው ክፍል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እንጂ የኖራ ድንጋይ አይደለም። የድንጋዩን ሥራ እዚያ የሚሠራው ረግረጉ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ያለው የሳነቴ አምባና የዌብ ሸለቆ ሜዳ በሣር፣ በጥቁር አፈርና በትንንሽ ኩሬዎች የተሞላ ነው፤ የዝናቡን ውሃ እንደ ስፖንጅ ይይዝና በበጋ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ዌብ ወደ ምሥራቅ ወርዶ ሶፍ ዑመር ሲደርስ ነው እውነተኛውን የኖራ ድንጋይ የሚያገኘው። እዚያም ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን ዋሻ ፈልፍሎ ያልፋል። ያኔ ግን ቆላ ገብቷል፤ ውሃው ሞቋል፤ ትራውቱም ወደ ኋላ ቀርቷል።

አሁን ወደ ዝንቡ። በተለመደው ማጥመድ መንጠቆው ላይ ትል ይሰካል፤ ገመዱ ላይ እርሳስ ይታሰራል፤ ክብደቱ ገመዱን ይዞት ይሄዳል። በዝንብ ማጥመድ ይህ ይገለበጣል። መንጠቆው ላይ ያለው ላባ ክብደት ስለሌለው የሚወረወረው ገመዱ ራሱ ነው፤ ወፈር ብሎ የተሠራውም ለዚህ ነው። አጥማጁ ዘንጉን ወደ ኋላ ያነሣል፣ ገመዱ ከኋላው እስኪዘረጋ ይጠብቃል፣ ከዚያ ወደ ፊት ይገፋዋል። በቡሄ ሰሞን ጅራፍ ያጮኸ ልጅ የእጁን አነሣሥ ግማሹን ያውቀዋል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ጅራፉ መጮህ የለበትም። ከጮኸ ወደ ፊት የተገፋው ገመዱ ሳይዘረጋ ነው፤ ጫፉ ላይ ያለው ዝንብም ተበጥሶ ሊቀር ይችላል። ያቺን አንዲት ቅጽበት መጠበቅ ለትልልቆቹ ይከብዳል፤ ልጆች ቶሎ ይለምዱታል።

ዝንቡን ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል፤ የዚህ ማጥመድ ግማሽ ደስታም ይህ ነው። ለበዓል አውራ ዶሮ ሲታረድ የሚጣለው የአንገት ላባ በዓለም ዙሪያ ያሉ አጥማጆች በገንዘብ የሚገዙት ነገር ነው። ቀጭን፣ የሚያብረቀርቅ፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ነው። ትንሽ መንጠቆ፣ የስፌት ክር፣ መቀስና አንድ ላባ ይበቃል። ክሩን በመንጠቆው አንገት ላይ መጠምጠም፣ ላባውን አስሮ ዙሪያውን ማዞር፣ መቋጠር። መንጠቆ ስለሆነ ታናናሾቹ ከትልቅ ሰው ጋር ይሥሩ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ዝንቦች ጃርት ቢመስሉ አይግረማችሁ።

ጊዜው መቼ ነው? ባሌ ላይ ዝናቡ ረጅም ነው፤ ከመጋቢት አካባቢ ጀምሮ እየጠነከረና እየላላ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። በሐምሌና በነሐሴ ወንዙ ሞልቶ ይደፈርሳል። ዓሣው ዝንቡን ሊያየው ስለማይችል ገመዱን ጠቅልሎ ማስቀመጥ ይሻላል። በጥቅምት ማብቂያ ውሃው መጥራት ይጀምራል።

ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ወቅት ዋነኛው ነው። ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ይነጋል። ከተማ የለመደ ሰው ዓሣ ማጥመድ ማለት ጎህ ሳይቀድ መነሣት ይመስለዋል፤ እዚህ ግን መቸኮል ትርፍ የለውም። ውሃው በርዶ ሳለ ዓሣው ከሥር ተጋድሞ አይንቀሳቀስም። ፀሐይ ሸለቆው ውስጥ ገብታ ድንጋዩን ስታሞቅ፣ አራት ሰዓት ግድም፣ ነፍሳቱ ከውሃው መውጣት ይጀምራሉ። ከዚያ በኋላ የውሃው ፊት ላይ ትንንሽ ክቦች ይታያሉ። እያንዳንዱ ክብ አንድ አፍ ነው።

ትራውት ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ወራጁ አዙሮ ይቆማል፤ ምግቡ ከላይ ተንሳፎ ስለሚመጣለት። ስለዚህ አጥማጁ ከታች ወደ ላይ፣ ከዓሣው ጀርባ፣ ጎንበስ ብሎ ይጠጋል። ዓሣው ድካም የማይወድ ፍጡር ነው። ከትልቅ ድንጋይ ጀርባ ውሃው በሚረጋበት ቦታ ያርፍና ከጎኑ በሚሮጠው ውሃ የሚያልፈውን ይለቅማል። ዝንቡ መውደቅ ያለበት በሁለቱ ድንበር ላይ ነው። በልጆች ዓይን ይህ ድብብቆሽ ነው፤ ጥላው ውሃው ላይ ያረፈ ተሸናፊ ነው።

ይህ ወቅት ከነቢያት ጾም ጋር መገጣጠሙን ልብ ያላችሁ ትኖራላችሁ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለንስሐ አባቶቻችሁ እተወዋለሁ። ለሚበላው ግን ትራውት ብዙ ቅመም አይፈልግም፤ ጨው፣ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የጋለ ምጣድ። የሚለቀቀው ደግሞ በረጠበ እጅ ይያዝ፤ ደረቅ እጅ ቆዳውን የሚጠብቀውን ልጋግ ይገፈዋል። መንጠቆውም ጥርሱ አስቀድሞ በጉጠት የተጨፈለቀ ቢሆን በቀላሉ ይወጣል።

የካቲት ላይ ውሃው ያንሳል፤ ጥርት ከማለቱ የተነሣ ዓሣው የሰው ኮቴ ሲሰማ ይሰወራል። ችሎታ የሚፈተንበት ወር ነው፤ ለጀማሪ አይመከርም።

ዲንሾ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሻሸመኔ፣ በኮፈሌ፣ በዶዶላና በአዳባ ያደርሳል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና መሥሪያ ቤት እዚያ ስለሆነ፣ ዘንግ ከማውጣት በፊት ስለ ፈቃዱና ስለ ክፍያው እዚያ መጠየቅ ግድ ነው። ከተማዋ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ ልጆቹ የመጀመሪያውን ቀን ሳይሮጡ ይዋሉ። ዓሣ ባይያዝ እንኳ የደጋ አጋዘን ከመንደሩ አጠገብ ሲግጥ ማየት አይቀርም። ዕድለኛ ከሆናችሁ ዌብ ሸለቆ ውስጥ ቀይ ቀበሮ አይጥ ስታድን ታገኛላችሁ። በዚሁ ሸለቆ ፊንጫ ሀበራ በተባለው የዋሻ ጥላ ሥር ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ይኖሩ እንደነበር ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 አሳትመዋል። ዋነኛ ሥጋቸው ግዙፉ ፍልፈል ነበር። ትራውት ገና አልደረሰላቸውም።

እዚህ ላይ አንድ የምከራከርበት ጉዳይ አለ። «ትራውት ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ለምን በሱሉልታና በመናገሻ ጅረቶች አንለቀውም?» የሚሉ አሉ። አይሆንም እላለሁ። ትራውት አዳኝ ነው፤ ከነፍሳት ሌላ ትንንሽ ዓሣና የእንቁራሪት ልጅም ይበላል። ባሌ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ እንቁራሪቶች ያሉበት ተራራ ነው፤ ዛሬ ቢሆን ኖሮ ማንም ባለሙያ ያን ዓሣ እዚያ ልቀቁ ብሎ ለመፈረም ያመነታ ነበር። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ያለውን ማጥመድ አንድ ነገር ነው፤ አዲስ ወንዝ ውስጥ መጨመር ሌላ።

በሌላ በኩል ያው እንግዳ ዓሣ ስለ ወንዙ የሚነግረን አለ። እንቁላሉን የሚጥለው በጠጠር መካከል ነው፤ በጠጠሩ ክፍተት ንጹሕ ውሃ ካላለፈ እንቁላሉ ይታፈናል። ስለዚህ የወንዙ ዳር ሲታረስ፣ ሣሩ በከብት ሲራቆት፣ የታጠበው አፈር ጠጠሩን ሲደፍነው፣ ትልልቁ ዓሣ ገና እየዋኘ ሳለ ትውልዱ ከሥር ይቋረጣል። በዚያው አፈር የሚጎዳው ረግረጉም ነው፤ በእሱ ውሃ የሚኖሩት ደግሞ እስከ ሶማሊያ ድረስ ያሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው።

ባሌ ድረስ ለመሄድ ዘንድሮ ላልተመቸው ቤተሰብ ከዚህ ማጥመድ አንዱን ክፍል ሰበታ ላይ መሥራት ይቻላል። ጥሩ አጥማጅ ዝንብ ከመምረጡ በፊት ከወንዙ ድንጋይ ያነሣና ሥሩን ያያል፤ ዓሣው ዛሬ የሚበላው ምን እንደሆነ እዚያ ተጽፏል። በንጹሕና ቀዝቃዛ ጅረት ድንጋይ ሥር ሦስት ጭራ ያላቸው ጠፍጣፋ ነፍሳት፣ ከአሸዋ ቅንጣት ቤት ሠርተው በውስጡ የሚኖሩ ትሎች ይገኛሉ። ውሃው ሲቆሽሽ መጀመሪያ የሚጠፉት እነዚህ ናቸው፤ በመጨረሻ ጭቃው ውስጥ የሚቀሩት ቀያይ ትሎች ናቸው። ሳይንቲስቶችም የወንዝን ጤና የሚለኩት በዚሁ መንገድ ነው።

ከወጨጫ ተራራ የሚወርዱት ምንጮች ከመነሻቸው ጥሩ ውሃ ናቸው። የሰበታ ወንዝ ከተማውን አቋርጦ፣ የፋብሪካውንና የቤቱን ፍሳሽ ተቀብሎ ወደ አዋሽ ሲወርድ ግን ሌላ ወንዝ ይሆናል፤ ቀለሙንና ሽታውን የማያውቅ የሰፈሩ ነዋሪ የለም። አንድ ቅዳሜ ልጆቹን ይዛችሁ ከከተማው በላይ ካለ ጅረት አምስት ድንጋይ ገልብጡ፤ ያያችሁትን በደብተር ጻፉ ወይም ሣሉ፤ ድንጋዩንም ወደነበረበት መልሱ። ከዚያ ከከተማው በታች ወርዳችሁ እንደገና ተመልከቱ። እዚያ ድንጋዩን በረጅም እንጨት ገልብጡት፤ ልጆቹ እጃቸውን ውሃው ውስጥ እንዳያስገቡ። የሁለቱን ቦታ ሥዕል ጎን ለጎን አድርጋችሁ ብትልኩልን በሚቀጥለው ወር በዚሁ ገጽ እናወጣዋለን።