በሁለት ስም መጓዝ

ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪያችን የብራና መጻሕፍት ልትመረምር ወደ ፓሪስ ስትነሣ ከአውሮፕላን ማረፊያ ተመለሰች። ቲኬቱ እናቷ ባወጡላት ስም፣ ዳርኮኗ ግን ሕፃን ሳለች መዝጋቢ በሰጣት የዕብራይስጥ ስም ነበርና። ሌላ ቲኬት ከዘመድ አዝማድ በተሰበሰበ ገንዘብ ተገዛ፤ በዚያ ላይ ሻንጣዋ ሌላ አገር ወረደ። የሻንጣውስ በማንም ይደርሳል።

ታምራት አማኑኤል በ1905 ከፋይትሎቪች ጋር ለትምህርት ወደዚያችው ከተማ ሲሄድ ታምራት ተብሎ ሄደ፣ ታምራት ተብሎም ተመለሰ።

«የአማርኛውን ስም ትታ ብትገላገልስ?» የሚሉን አሉ። እኛ አንስማማም። የ1956ቱ የስም ሕግ ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር በማስታወቅ ስምን መለወጥ ይፈቅዳል፤ 7 ዓመት ሳይሞላ ዳግመኛ ለመለወጥ ግን ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ፣ የተከበራችሁ ወላጆች፣ በችኮላ አይሁን። አንዱ ልጅ በአባቱ፣ ሌላው በአያቱ ስም የተመዘገበባቸው ቤቶች አሉንና ሽማግሌውም ወጣቱም ባለበት ተመካክራችሁ ወስኑ። ከዚያ ዳርኮኑ፣ ዲፕሎማው፣ የባንክ ሒሳቡ አብሮ ይስተካከል።

ዩኒቨርሲቲዎችም ለተማሪ ቲኬት ከመቁረጣቸው በፊት በዳርኮኑ ላይ የተጻፈውን ስም ይጠይቁ። የሚፈጀው አንድ ስልክ መደወል ነው።