መካከለኛ ማርክና ሁለተኛ ዲግሪ

ከእኛ ከምህንድስና ተማሪዎች መካከል ማርኬ 2.6 ነው ብሎ የሁለተኛ ዲግሪ ማመልከቻ ሳይሞላ የሚቀር ብዙ ነው። ያሳዝነናል። ትራንስክሪፕት አይደበቅም፤ ብሔራዊው መግቢያ ፈተና ግን ባለ 2.6ንም ባለ 3.8ንም በአንድ አግዳሚ ላይ ያስቀምጣል።

ስም ፍለጋ ሁሉም ወደ አምስት ኪሎ ይጎርፋል። እኛ ግን አስቀድማችሁ ጥያቄ ምረጡ፤ ከዚያም በዚያ ጥያቄ የሚመራመር መምህር የት እንዳለ እወቁ እንላለን። ጥያቄ እንደሆነ በአዳማ ዙሪያ ሞልቷል። በወንጂ የጉድጓድ ውሃ ያለው ፍሎራይድ የስንቱን ወገን ጥርስ አበለዘ፤ የስንቱንስ አጥንት አጎበጠ! በ1952 ዓ.ም. የተመረቀውን የቆቃ ግድብ ደለል እየሞላው ነው። ይህን እያየ ያደገ ተማሪ በማመልከቻው ላይ ከማርኩ ሌላ የሚጽፈው አለው። (ማርኩንም በአንድ መስመር ይናገር፤ ማልቀስ አያስፈልግም።) ምዝገባው ሳይዘጋ የመምህራኑን በር አንኳኩ።