ከባድ ብረቶች በአንጀት ጤና ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ትኩረት ይሻል

የጎጃም ደጋማ አካባቢ ጤፍ፣ ስንዴና ድንች በስፋት የሚመረትበት ነው። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ያለው ማሳ ግን ዝናብ ለዘመናት ንጥረ ነገሩን እያጠበ ስለወሰደበት በብዙ ሥፍራ አሲዳማ ሆኗል። በአገር አቀፍ ደረጃም ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ በአሲዳማነት የተጠቃ መሆኑ ይገለጻል።

ችግሩ በአብዛኛው የሚታየው ከምርት መቀነስ አንጻር ነው። ይሁንና ከጤናም ጋር ይያያዛል። ካድሚየምን የመሳሰሉ ከባድ ብረቶች በአሲዳማ አፈር ውስጥ በቀላሉ ስለሚሟሙ ሰብሎች በሥራቸው አማካይነት ይስቧቸዋል። ካድሚየም ከፎስፌት ድንጋይ በሚሠራ ማዳበሪያ ውስጥ በጥቂቱ የሚገኝ ሲሆን፣ በኩላሊት ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ተከማችቶ ይቆያል።

ሌላው አደገኛ ብረት እርሳስ ነው። ምንጮቹም ያረጁ የመኪናና የሶላር ባትሪዎች፣ እርሳስ ያለበት ቀለም፣ እንዲሁም ከውዳቂ ብረት ቀልጠው የሚሠሩ የአሉሚኒየም ድስቶች ናቸው። በካሜሩን፣ በኬንያና በታንዛኒያ በተመረመሩ መሰል ድስቶች እርሳስ ተገኝቷል።

አንጀት እርሳስን ወደ ደም የሚያሳልፈው ካልሲየምና ብረት በሚያልፉበት መንገድ ነው። አዋቂ ሰው ከዋጠው እርሳስ 10 በመቶ ያህሉ ወደ ደሙ ሲገባ፣ በሕፃናት ግን እስከ 50 በመቶ ይደርሳል። የብረትና የካልሲየም እጥረት ባለበት ሰውነት መጠኑ ይጨምራል። በዚህም ምክንያት በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን ጉዳቱ ድርብ ይሆንበታል። በእናት አጥንት ውስጥ የተከማቸ እርሳስም በእርግዝና ወቅት ወደ ደም ተመልሶ ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል።

እርሳስ የደም ቀለም የሚሠሩትን ኢንዛይሞች በማወክ ደም ማነስን፣ ከፍ ሲልም የሆድ ቁርጠትና ድርቀትን ያስከትላል። በእንስሳት ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከባድ ብረቶች የአንጀትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች እንደሚያዛቡና ምግብ ወደ ኃይል የሚለወጥበትን ሥርዓት እንደሚያውኩ አሳይተዋል። ምልክቶቹ ከአንጀት ትላትል ሕመም ጋር ስለሚመሳሰሉ ጉዳቱ ያለ ደም ምርመራ ሊለይ አይችልም።

ከሰሐራ በስተደቡብ ባሉ አገሮች እርሳስ ያለበት ቤንዚን እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ ከገበያ ወጥቷል። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ደንብ በቀለም ውስጥ የሚፈቀደውን የእርሳስ መጠን ከ1 ሚሊዮን እጅ 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስናለች። ይሁን እንጂ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ለሰው ልጅ ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን የለም።

በመሆኑም ማሳን በኖራ ማከም ምርትን ከማሳደግ ባሻገር ካድሚየም ወደ ሰብል እንዳይገባ ይረዳል። ለአንድ ሄክታር በርካታ ኩንታል ኖራ ስለሚያስፈልግ ግን የማጓጓዣው ወጪ ለአነስተኛ ገበሬ ከባድ ነው፤ የኖራ አቅርቦት ከግብርና ጉዳይነት አልፎ የጤና ጉዳይ ተደርጎ ሊታይ ይገባል። ባትሪ ከመኖሪያ ቤት ርቆ እንዲፈታ ማድረግና ሕፃናት በብረትና በካልሲየም የበለጸገ ምግብ እንዲያገኙ መጣርም ከየቤተሰቡ የሚጠበቅ ነው።