የትምህርት ቤት ውጤትና ልጁ የመጣበት ቤት

በየዓመቱ የትምህርት ዘመን ሲፈጸም የአዋሳ ወላጆች የልጆቻቸውን ካርድ ተቀብለው ይመለሳሉ፤ በመንገድም የአንዱን ትምህርት ቤት ውጤት ከሌላው ጋራ እያስተያዩ ይኸኛው ብርቱ ነው፥ ያኛው ደካማ ነው ብለው ይፈርዳሉ። ስለ ልጅ ማሰብ የተመሰገነ ነገር ነው፤ ነገር ግን ምስክር ሳይሰሙ መፍረድ በችሎት እንደሚነቀፍ ሁሉ በዚህም ነገር ሊነቀፍ ይገባዋል።

ምስክሩም ተማሪው የመጣበት ቤት ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ በአዋሳ ከተማ አስተዳደር 258,808 ሰው ተገኝቶ ነበር፤ ከዚህም እኩሌታ የሚያህለው ሲዳማ ሲሆን፥ አማራው፥ ወላይታው፥ ኦሮሞውና ጉራጌው አብሮት ይኖራል። በ2008 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተመረቀ ወዲህም ብዙ ሠራተኛ ከየገጠሩ ገብቷል። ስለዚህ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ወንበር ላይ አባቱ መጽሐፍ የሚያነብለት ልጅና እናቱ ፊደል ያልቈጠረች ልጅ ጐን ለጐን ይቀመጣሉ። አንዱ በቤቱ በሚናገረው ቋንቋ ይማራል፤ ሌላው ቋንቋውንና ትምህርቱን ባንድነት ይጀምራል። ሁለቱን በአንድ ቍጥር መመዘን እውነተኛ ሚዛን አይደለም።

ጀምስ ኮልማን የሚባል አሜሪካዊ ሊቅም ከባልደረቦቹ ጋራ ሆኖ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1966 ዓ.ም. ባወጣው ታላቅ ጥናት፥ የተማሪዎች የውጤት ልዩነት ከሕንፃውና ከመሣሪያው ይልቅ ከቤተ ሰባቸው ኑሮ ጋራ የተያያዘ መሆኑን ገልጿል።

ይህን ማለቴ ግን ትምህርት ቤቱ ከኀላፊነት ነጻ ይውጣ ማለት አይደለም። በ2002 ዓ.ም. ሲዳሙ አፎና አማርኛ ባሉበት በስድስት የአገራችን ቋንቋዎች የንባብ ፈተና በተደረገ ጊዜ፥ ከ100 የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34ቱ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። በ2015 ዓ.ም. በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተናም ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶው 3.2 ብቻ ነበሩ። በታች ያልጸና ንባብ በላይ ያለውን ትምህርት ሁሉ እንደሚያናውጥ የታወቀ ነው።

በቤተ ክህነት ትምህርት የኔታ ፊደል ያለየውን ልጅ ወደ ንባብ፥ ንባቡ ያልቀናውንም ወደ ዳዊት አያሳልፉትም። ልጁ ስንተኛ ወጣ ብለው ሳይሆን ከየት ተነሥቶ የት ደረሰ ብለው ይመዝናሉ። ትምህርት ቤትንም በዚሁ ሚዛን ብንመዝነው፥ ችግረኛውን ተቀብሎ እንዲያነብ ያደረገው ትምህርት ቤት ከተመረጡት ልጆች ብዙ ነጥብ ከሰበሰበው ይልቅ ሊመሰገን በቻለ ነበር።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ መምህሩን ስታገኙ ልጄ ስንተኛ ነው ከማለት አስቀድማችሁ፥ በመስከረም የማይችለውን ዛሬ ምን ይችላል ብላችሁ ጠይቁ። ማታ ማታ ሩብ ሰዓት ያህል ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብ አድርጉ፤ ማንበብ የማትችል እናትም እንኳ ብትሆን ሲደናቀፍና ሲፈጥን ጆሮዋ ይለየዋል። ውሃ መቅዳቱና ቤት መጥረጉም በሴቲቱ ልጅ ላይ ብቻ አይውደቅ፤ ወንድሟ ያግዛት፥ የማጥኛዋ ሰዓት እንዳይጠፋባት።